ኤልኦ ፊድስሩ ምንድን ነው? በቆየ ስፔክትረም አናላይዘር ዜሮ ሄርዝ ላይ የሚቆመው ጉብታ

የቆየ ስፔክትረም አናላይዘር (የሲግናልን ጉልበት በየፍሪኩዌንሲው በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አብርተው፣ ምንም ኬብል ሳይሰኩ ከዜሮ ሄርዝ ጀምሮ ቢመለከቱ፣ በስክሪኑ ግራ ጠርዝ አንድ ረጅም ጉብታ ተገትሮ ያገኛሉ። ይህን አይቶ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ክዳኑን ለመፍታት የሚቸኩል ብዙ ነው። ጉብታው ግን ብልሽት አይደለም። ኤልኦ ፊድስሩ ይባላል፤ የመሣሪያው የራሱ ሎካል ኦሲሌተር (ኤልኦ፣ ውስጡ ሆኖ ሲግናል የሚያመነጨው ክፍል) በሚክሰሩ በኩል ሾልኮ ሲታይ ነው።

አናላይዘሩ የገባለትን ሲግናል ከሎካል ኦሲሌተሩ ጋር በሚክሰር ያደባልቃል፤ የሁለቱ ልዩነት አይኤፍ ከሚባለው ቋሚ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ጋር ሲገጥም ብቻ ያሳልፈዋል። አይኤፉ 2 ጊጋሄርዝ ነው እንበል። 100 ሜጋሄርዝን ለማየት ኦሲሌተሩ 2.1 ጊጋሄርዝ ላይ ይቆማል፤ ዜሮን ለማየት ደግሞ ልክ 2 ጊጋሄርዝ ላይ። እዚያ ሲደርስ ኦሲሌተሩ ራሱ አይኤፉ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ፍጹም ሚዛናዊ ሚክሰር ስለሌለ ጥቂቱ ያመልጣል፤ የአይኤፉ ፊልተርም ያሳልፈዋል። እንዲያውም ጉብታው ጭራሽ ከጠፋ ነው መጨነቅ ያለብዎት፤ ኦሲሌተሩ ወይም አይኤፉ ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል።

ችግር የሚሆነው ስፋቱ ነው። ጉብታው የፊልተሩን ቅርጽ ይይዛል፤ የድሮ አናሎግ ፊልተሮች ደግሞ እግራቸው ሰፊ ነው። ከጫፉ 60 ዴሲቤል ወርዶ የሚለካው ስፋታቸው 3 ዴሲቤል ወርዶ ከሚለካው 15 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አርቢደብሊውው (በመሣሪያው ላይ የሚመረጠው የፊልተሩ የ3 ዴሲቤል ስፋት) 10 ኪሎሄርዝ ላይ ከሆነ፣ ከዜሮ እስከ 75 ኪሎሄርዝ ድረስ ያለ ደካማ ሲግናል በጉብታው ሥር ይቀበራል። «ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኖይዝ አለ» ከሚባለው ቅሬታ ብዙው በዚህ ብቻ ይፈታል፤ አርቢደብሊውውን ማጥበብ ነው። አርቢደብሊውው በ10 እጥፍ ሲጠብ እውነተኛ ኖይዝ በ10 ዴሲቤል ይወርዳል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የቆመ ቀጭን መስመር ግን ከፍታው አይነካም። ሁለቱን የሚለየው ይህ ነው።

ጠቦም የማይለቅ ነገር ካለ፣ ከውጭ ይሁን ከውስጥ መለየት ይቀድማል። ሌሎች ኬብሎችን ሁሉ ነቅለው ግቤቱን በ50 ኦም ተርሚኔተር (ምንም ሲግናል የማያስገባ መዝጊያ) ይዝጉት፤ ነገሩ በዚህ ከጠፋ በኬብሎቹ የመጣ ነበር። ካልጠፋ ሪፈረንስ ሌቭሉን (የስክሪኑን የላይኛ መስመር ደረጃ) ሳይነኩ አቴንዌተሩን (የግቤቱን ሲግናል የሚቀንሰውን) በ10 ዴሲቤል ይጨምሩ። ከውጭ የገባ ሲግናል ከፍታው አይለወጥም፤ አናላይዘሩ የቀነሰውን ያህል በአይኤፍ ማጉያው መልሶ ይተካዋልና። ከአቴንዌተሩ በኋላ የተፈጠረ ነገር፣ ፊድስሩም ጭምር፣ በ10 ዴሲቤል ወደ ላይ ይወጣል። ማጉያውን በራሳቸው በማያስተካክሉ በጣም የቆዩ መሣሪያዎች ነገሩ ይገለበጣል፤ የውጭው ይወርዳል፣ የውስጡ ባለበት ይቆያል። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ፈተና ይህ ነው፤ ብሎን ሳይፈታ መልስ ይሰጣል።

ምንጩ ውስጥ ከሆነ ከጉብታው ግራና ቀኝ በ50 ወይም በ100 ሄርዝ ርቀት የቆሙ መስመሮችን ይፈልጉ። ለዚህ የመሣሪያው አርቢደብሊው ወደ 10 ሄርዝ መጥበብ መቻል አለበት። 50 ሄርዝ ብዙ ጊዜ የትራንስፎርመር መግነጢሳዊ መስክ ወይም የግራውንድ ሉፕ (በመሬት ሽቦዎች መካከል የሚዞር ከረንት) ምልክት ነው። 100 ሄርዝ ደግሞ ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ሬክቲፋየር በኋላ የቀረ ሪፕል፣ ማለትም የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። መብራቱ 60 ሄርዝ በሆነበት አገር 60 እና 120 ይሆናሉ። ያን ያህል መጥበብ የማይችል ከሆነ፣ ካሊብሬተሩን (የመሣሪያውን የራሱን መፈተሻ ሲግናል) ያስገቡና ስፓኑን (የሚታየውን የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ዜሮ አድርገው የሲግናሉ ትከሻ ላይ ይቁሙ፤ ትሪገሩንም «ላይን» በሚለው፣ ማለትም ከመብራት መስመሩ ጋር እኩል በሚያስነሳው ምርጫ ላይ ያድርጉት። የሚወዛወዘው ቅርጽ በስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ምንጩ የመብራት መስመሩ ነው።

ትንሽ ሪፕል ይህን ያህል ለምን ይጎዳል? በብዙ የቆዩ አናላይዘሮች ሎካል ኦሲሌተሩ ዪግ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ነው። በዋናው ኮይል ላይ 1 ሚሊአምፔር ፍሪኩዌንሲውን በ20 ሜጋሄርዝ ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። እንግዲህ የ1 ማይክሮአምፔር ሪፕል፣ የሚያርመው ፌዝ ሎክ (ፍሪኩዌንሲውን አጥብቆ የሚይዝ ሰርኪት) ከሌለ፣ ኦሲሌተሩን በ20 ኪሎሄርዝ ያወዛውዘዋል። ይህ ፊድስሩን ብቻ አይደለም የሚያሰፋው፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሲግናል ሁሉ አብሮ ይደበዝዛል። ካሊብሬተሩ ላይም ያው መስመር ካለ ጥፋቱ የኦሲሌተሩ ወይም የሚነዳው ሰርኪት ነው። ዜሮ አካባቢ ብቻ ከታየና ካሊብሬተሩ ንጹሕ ከሆነ ግን፣ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ያለ ኖይዝ በቀጥታ ወደ ግቤቱ ወይም ወደ ሚክሰሩ እየገባ ነው።

የሪፕሉ የተለመደ ምክንያት ያረጀ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው። ፈሳሹ ይደርቃል፣ አቅሙ ይቀንሳል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ሁሉንም በጅምላ ከመቀየር በፊት እያንዳንዱን የፓወር ሰፕላይ መስመር በኦሲሎስኮፕ፣ ኤሲ ካፕሊንግ አድርጎ ማየት ይገባል፤ በዘፈቀደ መንቀል ጤነኛውን ቦርድም ያቆስላል። ባለ ሲአርቲ (የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት የመስታወት ቱቦ ስክሪን) መሣሪያ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለው፣ ካጠፉትም በኋላ ይቆያል፤ የማያውቁት ከሆነ አይክፈቱት። ግራውንድ ሉፕ ለመስበር ብሎ የኃይል ገመዱን የመሬት ሽቦ ማላቀቅ ደግሞ በፍጹም አይደረግም።

አንድ ሁኔታ ግን በካፓሲተር አይድንም። ፊድስሩ ከቀድሞው በግልጽ ከፍ ብሎ፣ የመሣሪያው ስሜታዊነት ደግሞ ከወረደ፣ የሚክሰሩ ዳዮድ ተጎድቷል ብሎ መጠርጠር ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ ኃይል ወይም በግቤቱ የገባ ዲሲ ቮልቴጅ ነው። አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች ፊድስሩን ዝቅ የሚያደርግ የሚዛን ማስተካከያ አላቸው፤ ጉብታውን ዝቅ ቢያደርገውም የተጎዳ ዳዮድ ግን አይጠግንም።