ሳይቀስሱ የመሩ፦ ሴቶች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት

ጎጃም፣ ጽላሎ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ዓይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው ነው። ቅኔውን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ ትምህርቱ በቃል ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ይደርሳል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላትን ጉባኤ ቃና የምትባል ቅኔ፣ ከዚያ እየረዘመ መወድስ እስከሚባለው ቅኔ ድረስ። መምህሩ በጆሮው ሰምቶ ያርማል። ስለዚህ ማየት የተሳነው የቅኔ መምህር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው መምህሯ ሴት መሆናቸው ነው። ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው የተማሩት ግን ወንዶች ነበሩ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሴት አትቀስስም፤ መቅደስም ገብታ አትቀድስም። የሴቶችን ገዳም የምታስተዳድረው ግን እመምኔት ናት። እርሻው፣ ጸሎቱ፣ ለመመንኮስ አዲስ የሚገቡት ሴቶች አመክሮ (የሙከራ ጊዜ) በእሷ እጅ ነው።

ከሁሉ የምትልቅብኝ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። የተወለደችው በ1592 እ.ኤ.አ. ነው። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያደላ ቤቷን ጥላ ወጣችና መነኮሰች። እየዞረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ አስተማረች። ንጉሡም ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አጋዛት። እዚያም ተከታዮች መጡላት፤ የመጀመሪያው ማኅበሯ የተሰበሰበው በግዞት ነው! በጠቅላላው ሰባት ማኅበራት መሥርታለች። ወንዶችም ሴቶችም በእሷ ሥር ነበሩ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልስ እሷም በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው በ1642 ነው። ከእሷ በኋላ የምንኩስና ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን መራች። ገድሏ በ1672 በግእዝ ተጻፈ።

በየአጥቢያው ያለው አገልግሎት ብዙም አይወራለትም። ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን የመገበሪያ ስንዴ አንድ በአንድ ለቅመው የሚፈጩት ብዙ ጊዜ መነኮሳይያት ናቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያለ ሴቶች አይታሰብም። አጥቢያውን ለሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤም መመረጥ ይችላሉ። ሥራው ላይ ብዙ ሆነው ሳለ ውሳኔው ላይ ጥቂት መሆናቸው ግን ያሳዝነኛል። ይህን ለማስተካከል ቀኖና መንካት አያስፈልግም። ምርጫው ላይ ስማቸውን መጥራት ይበቃል።

ከወንጌላውያን ወገን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ ይዛለች። በ2000 እ.ኤ.አ. ሴት ቄስ ሾማለች። ዛሬ እዚያ ሴት ስታጠምቅና ቅዱስ ቁርባን ስታቀብል ማየት ይቻላል።