«ሪዞሉሽን» ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ማይክሮስኮፕ ሊገዛ ሲታሰብ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ባለ 2000ው ከባለ 1000ው እጥፍ እንደሚያሳይ፣ ወባም እንደማያመልጠው ጽፈዋል። ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ታማሚው ነው።

ሪዞሉሽን ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነጥቦችን ሁለት አድርጎ የመለየት አቅም ነው። ማጉላት ደግሞ የተገኘውን ምስል መለጠጥ ነው። ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ወንፊት ዱቄት ብንነፋ ፉርሽካው አብሮ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ትልቅ ገበቴ ላይ ስለገለበጥነው አይጠራም። ገበቴው ማጉላት፣ የወንፊቱ ቀዳዳ ሪዞሉሽን ነው።

ቀዳዳውን የሚወስኑት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ ላይ የተቀረጸው ኑሜሪካል አፐርቸር (ሌንሱ ብርሃንን ከምን ያህል ሰፊ ማዕዘን እንደሚሰበስብ የሚያሳይ ቁጥር) ናቸው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ የሞገድ ርዝመቱን ለአፐርቸሩ እጥፍ ማካፈል ነው። በ550 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) አረንጓዴ ብርሃን «40/0.65» የሚለው ሌንስ (የመጀመሪያው ቁጥር ማጉላቱ፣ ሁለተኛው አፐርቸሩ ነው) 423፣ «100/1.25» የሚለው 220 ናኖሜትር ድረስ ይለያል። የሚጠቅም ማጉላት ከአፐርቸሩ 1000 እጥፍ ብዙም አይዘልም፤ እዚህ 1250 መሆኑ ነው። ባለ 10ን የዓይን ሌንስ በባለ 20 መተካት 2000 ይሰጣል፣ ግን የሚሰፋው ብዥታው ብቻ ነው።

ሪዞሉሽን ብዙ ጊዜ የሚባክነው በአሠራር ነው። ባለ 100ው ሌንስ ያለ ዘይት ከታየበት መሃል ላይ አየር ስላለ አፐርቸሩ ከ1 አያልፍም። ኮንደንሰሩን (ከናሙናው ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ዝቅ አድርጎ ዲያፍራሙን (የብርሃኑን መግቢያ የሚያጠበውን ክፍል) መዝጋት ምስሉን የጠራ ያስመስለዋል፤ የወንፊቱን ቀዳዳ ግን ያሰፋዋል። በዘይት ሲታይ ኮንደንሰሩ ከፍ፣ ዲያፍራሙ ከፈት ይበል። ጅማ አካባቢ ሁለቱም የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም፣ አሉ፤ ቫይቫክስን የሚያስለዩት በተያዘው ቀይ የደም ሴል ላይ የሚታዩት የሹፍነር ነጠብጣቦች ደግሞ ደቃቅ ናቸው። (ደሙ የሚቀለምበት የጊምሳ ቀለም የሚበጠበጥበት ውሃ ፒኤች ከ7.2 ወርዶ አሲዳማ ከሆነ የትኛውም ሌንስ አያወጣቸውም።)

በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮን የሚጠቀመው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወንፊት ሐር ነው፤ ቫይረስ ይለያል። እርጥብ ዱቄት ግን አያሳልፍም፦ ናሙናው አየር አልባ ክፍል ስለሚገባ ደርቆ ወይም በቅዝቃዜ ረግቶ እንጂ በሕይወቱ አይታይም። ለትንኝና ለቡና ፍሬ ቦርቧሪ ከ10 እስከ 40 ጊዜ የሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ (በሁለት ዓይን ጥልቀት የሚያሳይ) ይበቃል።

የወንፊቱ ምሳሌ ግን እዚህ ላይ ያበቃል፦ ወንፊት መጠንን ይለያል፣ ሌንስ በነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት። ስለዚህ ከ220 ናኖሜትር ያነሰ ነገር በፍሎረሰንስ ቀለም (ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ በሚያበራ ቀለም) ካበራ ይታያል፤ አንድ ይሁን ሁለት ነው የማይታወቀው።

የጅማ ክረምት እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የሌንሱን ሽፋን ከበላው አይመለስም። ዘይቱን በሌንስ ወረቀት ጠርጎ፣ ሲሊካ ጄል ባለበት ዝግ ሳጥን ማስቀመጥ ነው።