«ሂሳዊ ድጋፍ» ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ቆጪ አካባቢ በሚገኝ አንድ እድር፣ አዲስ ሊቀ መንበር ለመምረጥ በተሰበሰብንበት እሑድ ጠዋት፣ እጃቸውን ለድምፅ ያነሡ አንድ አዛውንት «የእኔ ግን ሂሳዊ ድጋፍ ነው» አሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት በላይ የሆኑት ከልባቸው ሳቁ፤ እኛ ከእነሱ በታች ያለነው ግን ምን እንዳሳቃቸው አልገባንም። ይህ ጽሑፍ ያን ሳቅ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ቃሉ ዛሬ ለቀልድ ይዋል እንጂ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥልጣን የያዘ ጦር ሠራዊት ይደገፍ ወይስ ይወገዝ በሚለው ጥያቄ ላይ የአንድ ትውልድ ምሁራን የተከፋፈሉበት፣ ኋላም የተላለቁበት ቃል ነው።

«ሂስ» መንቀፍን፣ ጉድለትን ለይቶ ማሳየትን የሚያመለክት ሲሆን፣ በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ከሚለው አባባል ጋር በየስብሰባው ተዘውትሯል። ስለዚህ ሂሳዊ ድጋፍ ማለት፣ አንድን ኃይል በሠራው በጎ ሥራ ልክ እየደገፉ፣ በጥፋቱ ደግሞ በግልጽ እየነቀፉ፣ ከእሱ ጋር ሳይዋሐዱ የራስን ድርጅትና ዓላማ ይዞ አብሮ መጓዝ ነው። ሐሳቡ የአገራችን ፈጠራ አይደለም። ሌኒን በ1920 በአውሮፓ አቆጣጠር ለእንግሊዝ ኮሚኒስቶች የሌበር ፓርቲውን መሪ በምርጫ እንዲደግፉት ሲመክር፣ ድጋፉ ገመድ የተሰቀለን ሰው እንደሚደግፈው ዓይነት መሆን እንዳለበት ተናግሮ ነበር። በእኛ አገር ግን ገመዱ በማን እጅ እንደነበረ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። በጥር 1966 በነገሌ ቦረና የተጀመረው የወታደሮች ማመፅ፣ በየካቲት ከመምህራንና ከታክሲ ነጂዎች አድማ ጋር ተደራርቦ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድን ካቢኔ ከሥልጣን አስለቀቀ፤ በእግሩ የተተካው የልጅ እንዳልካቸው መኰንን ካቢኔም ብዙ አልቆየም። ሰኔ 21 ቀን ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕርግ ያላቸው ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ደርግ አቋቋሙ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርደው ራሳቸውን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብለው ሰየሙ። የክርክሩ ዘር ያለው «ጊዜያዊ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ለስንት ጊዜ? ከዚያስ በኋላ ለማን? አዋጁ ስለዚህ የተናገረው ነገር ለጠያቂ የሚያጠግብ አልነበረም።

መልሱን ሳይጠብቁ ጥያቄውን ወደ አደባባይ ያወጡት ተማሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ነበሩ። ንጉሡ በወረዱ ገና በቀናት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የወታደር አገዛዝን በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ፤ መሪዎቹ ታሰሩ። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ሲባል ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ ወታደሩም ጭምር በየማኅበሩ ወኪሉን ልኮ የሚያቆመው የሽግግር መንግሥት ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ጥያቄ በኅቡዕ በሚበትኗቸው ልሳኖቻቸው ያስተጋቡት፣ «ዴሞክራሲያ»ን ያሳትም የነበረው ኢሕአፓም (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) ሆነ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን ያሳትም የነበረው መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ)፣ ሁለቱም ወገኖች ነበሩ። መኢሶን በነሐሴ 1960 በሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ደግሞ በሚያዝያ 1964 በበርሊን የተመሠረቱ፣ ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ በርዕዮተ ዓለም እምብዛም የማይለያዩ ነበሩ። በኋላ የተጨራረሱት ሰዎች ውጭ አገር ሳሉ አንድ ክፍል የተጋሩ፣ አንዱ የሌላውን ሰርግ የበላ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያለያያቸው ምንድን ነው ቢባል፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። በዚያን ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ሊያርሰው የሚችለውን መሬት በ10 ሄክታር ወሰነ፤ ገበሬዎችም በ20 ጋሻ ገደማ መሬት አንድ ማኅበር እያቋቋሙ እንዲደራጁ አዘዘ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ ለዓመታት ሰልፍ ሲወጣ የኖረ ተማሪ፣ የራሱ መፈክር በወታደር እጅ ተጽፎ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ምን ሊል ይችላል? ከጅማ ሆኖ ለሚያየው ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ጅማ ያን ጊዜ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ በዙሪያዋ ቡናውን የሚለቅመው ጭሰኛ፣ ትርፉን የሚቆጥረው ግን ብዙውን ጊዜ ባለመሬቱ ነበር። ለዚያ ጭሰኛ «አዋጁን ያወጣው የተመረጠ መንግሥት አይደለምና አትቀበለው» ማለት ቀላል አልነበረም።

መኢሶን ቀስ በቀስ ወደ ሂሳዊ ድጋፍ ያዘነበለው በዚህ ስሌት ነው። ኃይሌ ፊዳን የመሳሰሉ መሪዎቹ እንዲህ ይከራከሩ ነበር፦ ሕዝቡ አልተደራጀም፣ አልታጠቀም፤ ዛሬ ሥልጣን ለሕዝብ ይመለስ ቢባል የተደራጀው የድሮው ባላባትና ቢሮክራት ነውና እሱ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ወታደሮቹ የሚወስዷቸውን ተራማጅ እርምጃዎች ደግፎ፣ በተከፈተው በር ገብቶ ሕዝቡን ማንቃት፣ ማደራጀትና ማስታጠቅ ይበጃል። የኢሕአፓ መልስ ደግሞ ይህ ነበር፦ ጠመንጃ የያዘ ሰው የሰጠውን በር በፈለገ ሰዓት ይዘጋዋል፤ መብት በሌለበት የሚገኝ ድርጅት የሕዝብ ድርጅት አይደለም፤ ጦሩ የሕዝቡን አብዮት ነጥቋል፤ ስለዚህ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ። በነሐሴ 1967 ኢሕአፓ ስሙንና ፕሮግራሙን ይፋ ካደረገ በኋላ ክርክሩ ከኅቡዕ ወረቀት አልፎ በ1968 በመንግሥቱ ጋዜጣ በአዲስ ዘመን ላይ ሳይቀር በብዕር ስም ይካሄድ ነበር፤ ይህ በአገራችን የጋዜጣ ታሪክ ውስጥ እንግዳ የሆነ ምዕራፍ ነው። ግን ብዙም ሳይቆይ መከራከሪያው ስድብ ሆነ፤ አንዱ ወገን ሌላውን «ባንዳ ምሁር»፣ ሌላውም መልሶ «አናርኪስት» ይለው ጀመር።

በእኔ ግምት ሁለቱም ያልመለሱት ጥያቄ ነበራቸው። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል፣ ሥልጣኑን ከወታደሩ ተቀብሎ ጉባኤውን የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ወታደሩስ ለምን እንደሚያስረክብ በአጥጋቢ ሁኔታ አላስረዳም። የመኢሶን ክፍተት ግን የባሰ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም «ሂሳዊ» የሚለውን ቅጽል የሚያቆሙት ምሰሶዎች አልነበሩም። ድጋፍ ሂሳዊ የሚሆነው ደጋፊው ነቀፋውን የሚያሰማበት የራሱ መድረክ ሲኖረው፣ ድጋፉን ቢያነሣ በሕይወት የሚቀጥልበት ዋስትና ሲኖረው፣ የሚደገፈውም ወገን ድጋፉን ማጣት የሚያስፈራው ሲሆን ነው። በእድራችን ያሉት ጋሼ ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ሂስዎ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው «የገንዘብ መዝገቡ በየሦስት ወሩ ይነበብ፤ ካልተነበበ እጄን አወርዳለሁ» አሉኝ። የእድር ሊቀ መንበር እጁን ያወረደበትን ሰው አያስርም። ደርግ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገድሏል፤ ሂሳዊ ድጋፍ እንደ መስመር የጸናው ከዚያ ሌሊት በኋላ መሆኑ ሊጤን ይገባል።

የድጋፉ ወሰን ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ከመሬት አዋጁ ማግስት ጅማ ላይም ታይቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ አካባቢው የመጡ ተማሪዎች፣ አዋጁ በተግባር ይዋል ብለው ከገበሬው ጋር ሲቆሙ ከፖሊስና ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋር ተጋጭተው ደም ፈሰሰ። መንግሥቱ አዋጁን የማወጅ ፍላጎት ነበረው፤ ገበሬው በራሱ ተነሣሽነት እንዲፈጽመው የመተው ፍላጎት ግን አልነበረውም።

በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ፣ መኢሶን ሕዝቡን ለማደራጀት በተቋቋመው ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዋነኛውን ቦታ ያዘ። ከዚያ በኋላ ሂሱ እያነሰ፣ ድጋፉ እየበዛ ሄደ። መስከረም 13 ቀን 1969 በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ በዚያው ወር የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ፤ ጥር 26 ቀን ደግሞ መንግሥቱ የደርጉን ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና አጋሮቻቸውን ገድሎ ሥልጣኑን ጠቀለለ። በቀይ ሽብሩ ወራት ሂሳዊ ደጋፊው በየቀበሌው ከአሳሪና ከገዳይ ጎን ተሰልፎ ተገኘ። በነሐሴ 1969 መኢሶን በቃኝ ብሎ ወደ ኅቡዕ ሲገባ፣ ከመሪዎቹ ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ተያዙ ወይም ተገደሉ፤ ኃይሌ ፊዳም ታስሮ ቆይቶ በ1971 ያለ ፍርድ ተገደለ።

ከ1983 በኋላ በሕይወት የተረፉት የሁለቱም ወገን አባላት ባሳተሟቸው ትዝታዎች ክርክሩ ቀጥሏል፤ ጥፋቱ መስመሩ ራሱ ነበር ወይስ ከመስመሩ በጊዜ አለመውጣት ነው በሚለው ዛሬም አልተስማሙም። አዲስ መንግሥት በመጣ ቁጥርም ቃሉ ከየፖለቲከኛው አፍ ብቅ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን «ለጊዜው አልቃወምም» ለማለት ብቻ ነው የሚያገለግለው። በእኛ ሰፈር ያሉት የዚያ ዘመን ሰዎች ከየትኛው ወገን እንደነበሩ እምብዛም አይናገሩም፤ ጨዋታው ወደዚያ ባዘነበለ ጊዜም ቡናው በረካ ሳይደርስ አንዱ ተነሥቶ ይሄዳል።