«ማርሚታው ሲከፈት ይቆጥባል» እና ሌሎች የዘመናዊ ክላሲክ ሞተር ሳይክል የነዳጅ ወሬዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ዘመናዊ ክላሲክ ሞተር ሳይክሎች የነዳጅ ፍጆታ ከሚወራው አብዛኛው ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ኪስ ይጎዳል፤ ሰው ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ደህናውን ሞተር ያስፈታል፣ ተገጥሞ ሲመለስለት ከበፊቱ የበለጠ ይበላበታል። የምንናገረው መልካቸው የድሮ፣ ውስጣቸው የዛሬ ስለሆኑት ነው፦ ትራያምፍ ቦነቪል፣ ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 እና ኢንተርሴፕተር 650፣ ካዋሳኪ ደብሊው800፣ ሞቶ ጉዚ ቪ7 እና የመሳሰሉት።

«መልኩ የድሮ ነው፣ እንደ ድሮው ይጠጣል»

አይጠጣም። ቦነቪል ላይ ካርቡራተር የሚመስለው ነገር ካርቡራተር አይደለም። ትራያምፍ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ወደ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ ወደሚረጭ ሥርዓት) ሲሸጋገር የአየር ማስገቢያውን የካርቡራተር ቅርጽ አልብሶ ነው ያወጣው። ደብሊው800ም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመጣ የደብሊው650ን ካርቡራተር ትቶ በኢንጀክሽን ነው የመጣው። ስለዚህ «ካርቡራተሩን ትንሽ አጥብበው» የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ መካሪው ሞተር ሳይክሉን ከፍቶ እንዳላየው እወቁ። የሚጠብቅ ብሎን የለም፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው።

«ማርሚታው ሲከፈት ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ይቆጥባል»

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው፤ ሞተረኛ በተሰበሰበበት ሁሉ ይደጋገማል። አባባሉ እንዲህ ነው፦ ፋብሪካው በጭስና በድምጽ ሕግ ተገዶ ሞተሩን አፍኖታል፤ ማርሚታው በክፍት ቢተካ፣ የአየር ሳጥኑ ወጥቶ ሾጣጣ ፊልትሮ ቢገጠም፣ ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍስና ቤንዚን ይቀንሳል።

እስቲ በዕለት ተዕለት ጉዞ ሞተሩን የሚያፍነው ማን እንደሆነ እንይ። ሜዳ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነዳጅ መስጫው የሚዞረው በጥቂቱ ነው። በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለችው ክብ ሳህን ከሞላ ጎደል ዝግ ናት። አየሩን የምታፍነው እሷ ናት፤ እሷን የዘጋት ደግሞ የነጂው እጅ ነው። በዚህ ሁኔታ ከፊቷ ያለው ፊልትሮም ሆነ ከሞተሩ በኋላ ያለው ማርሚታ የሚጨምሩት ጫና ከቁጥር አይገባም። ክፍት ማርሚታ ለውጥ የሚያሳየው ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ዙሩ ሲወጣ ነው፤ ቆጣቢ ነጂ ደግሞ እዚያ አይውልም።

ደግሞም ብዙ አየር ከገባ ብዙ ቤንዚን ይከተለዋል። አንድ ግራም ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ይህን ምጣኔ ይጠብቃል፤ ቮልቴጁ በግምት በ0.1 እና በ0.9 መካከል እየተመላለሰ ለኮምፒውተሩ «ቤንዚን በዛ፣ አነሰ» ይለዋል። በመጠነኛ ፍጥነት ሲነዳ ኮምፒውተሩ የሚሰራው ይህን እየሰማ ነው። ነዳጅ መስጫው በሰፊው ሲከፈት ግን ሴንሰሩን ትቶ በተዘጋጀለት ሰንጠረዥ ይሄዳል፣ ሰንጠረዡም ቤንዚን ያበዛል።

አሁን ማርሚታው ሲቀየር የሚሆነውን ተመልከቱ። ቱቦው ወጥቶ ሲመለስ የድሮው ጓርኒሲዮን እንዳለ ይገጠማል። ያ ቀለበት ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰራ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አይዘጋም። ከሲሊንደሩ ራስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፀጉር የምታክል ክፍተት ትቀራለች። ጭሱ የሚወጣው እየተቆራረጠ ስለሆነ በመሃል በመሃሉ የውጭ አየር በዚያች ክፍተት ይሳባል። ሴንሰሩ ያን አየር ያይና «ቤንዚን አነሰ» ብሎ ያመለክታል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ይጨምራል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ከማርሚታው የሚሰማው ጧ ጧ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመጣል፤ ባለቤቱ ግን የጉልበት ድምጽ እየመሰለው ይደሰትበታል።

ክፍተቱን መፈለግ ቀላል ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ እያለ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ከበው በአየር መንፊያ በቀስታ ይንፉበት፤ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ይርጩ። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ያፈሳል። መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለም ያው ነው። መፍትሔው አዲስ ጓርኒሲዮን ነው። ሁለቱን ዳዶ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም፤ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ፣ ሞተሩ አንዴ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላም እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የአየር ሳጥኑን ማውጣት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የሳጥኑ ስፋትና የቱቦዎቹ ርዝመት ሞተሩ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ጉልበት እንዲኖረው ታስበው የተሰሩ ናቸው፤ ሰው በየቀኑ የሚነዳው በዚያው ዙር ነው። ሳጥኑ ሲወጣ ጉልበቱ እዚያ ላይ ይቀንሳል፣ ነጂው ደግሞ ለማካካስ መስጫውን የበለጠ ያዞራል። የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ በሳጥኑ ላይ ስለሚሆን፣ ተንጠልጥሎ ከሞተሩ አጠገብ ሲቀር የሚያነበው ሙቀት የተሳሳተ ይሆናል።

«ነዳጅ ቆጣቢ» እየተባሉ በዚያ ሴንሰር ሽቦ ላይ የሚሰኩት ትንንሽ ሳጥኖችም የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ውስጣቸው ያለው ሬዚስተር ኮምፒውተሩን «አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ያታልለዋል፤ ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ይህን ገዝቶ መግጠም ተጨማሪ ፍጆታ መግዛት ነው።

ድምጹን ወይም መልኩን የፈለገ ሰው ይቀይር፣ መብቱ ነው። የመጨረሻውን ማርሚታ ብቻ ይቀይር፤ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል)፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን እና የአየር ሳጥኑን አይንካ። ሁሉንም ከቀየረ ግን ሞተር ሳይክሉ ጉልበት መለኪያ ሮለር ላይ ወጥቶ፣ የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ በሰፊው በሚለካ ሴንሰር እየታየ የቤንዚን ሰንጠረዡ በባለሙያ እንደገና ይሰራለት። በግምት የተጫነ ፕሮግራም አይበቃም።

«ትንሽ ሲሲ ሁልጊዜ ቆጣቢ ነው»

ከተማ ውስጥ፣ አዎ። ክላሲክ 350 ከ1200 ሲሲው ቦነቪል ቲ120 ጋር በከተማ አይነጻጸርም፤ በግልጽ ያንሳል። ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ግን ክላሲክ 350 ያለው ጉልበት 20 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በ110 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ነዳጅ መስጫው ከሞላ ጎደል ሙሉ ይከፈታል፣ ሞተሩም ቤንዚን በሚያበዛው ሰንጠረዥ ላይ ይውላል። 47 የፈረስ ጉልበት ያለው ኢንተርሴፕተር 650 በዚያው ፍጥነት ገና ትርፍ አለው። የትንሹ ሞተር የበላይነት እዚያ ላይ በጣም ይጠባል።

ከሲሲ ይልቅ ማሰብ ያለባችሁ ስለ ነፋስ ነው። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች የፊት የነፋስ መከላከያ የላቸውም፣ ነጂውም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ደረቱ ነፋሱን ሙሉ ለሙሉ ይቀበላል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ግፊቱ 78 በመቶ ይጨምራል። በየትኛውም ዕቃ መቀየር የማይገኝ ቁጠባ ፍጥነትን በ15 ኪሎ ሜትር በመቀነስ ይገኛል። ጎን ለጎን የሚንጠለጠል ሰፊ ሻንጣም ባዶ ሲሆን እንኳ ነፋስ ይይዛል፤ ሥራ ከሌለው ይውረድ።

«ከፍተኛ ማርሽ ላይ በዝቅተኛ ዙር መንዳት ይቆጥባል»

ግማሽ እውነት ነው። ቶሎ ማርሽ መጨመር ጥሩ ነው፣ ግን ሞተሩ ማንቋረር ሲጀምር፣ ካቴናው ሲንኳኳ ማርሹ በዝቷል። የክላሲክ 350 ከፍተኛ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ያለው በ4,000 ዙር ነው፤ በ1,500 ዙር አምስተኛ ላይ ማስጨነቅ መስጫውን በሰፊው ማስከፈት ብቻ ነው ትርፉ። አንድ ማርሽ ቀንሱ።

ቁልቁለት ላይ በፎሌ ወይም ፍሪሲዮን ይዞ መውረድ ቤንዚን አይቆጥብም። ማርሽ ገብቶ መስጫው ሲለቀቅ አብዛኞቹ ኢንጀክሽኖች ቤንዚኑን ጨርሰው ይዘጉታል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ በሚኒሞ እንዳይጠፋ ይረጫሉ። የሞተር ፍሬኑም ይጠፋል።

ጠዋት አምስት ደቂቃ አቁሞ ማሞቅም ብክነት ነው። አስነሱ፣ ጓንት እስኪደረግ ይቆይ፣ በቀስታ ውጡ።

ከፍተኛ ኦክቴን፦ ኃይሉ አይበልጥም፣ ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ያለጊዜው ሲቀጣጠል የሚመጣውን ማንኳኳት ነው የሚከላከለው። የኢንተርሴፕተር የመጭመቂያ ምጣኔ 9.5 ለ1 ነው፤ መመሪያው ከሚጠይቀው በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ምንም አያመጣም። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ግን ፍጆታን በ3 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል።

ግማሽ ታንክ ብቻ መያዝ፦ ሙሉ ታንክ ቲ120 ላይ 14.5 ሊትር፣ ማለትም 11 ኪሎ ግራም አይሞላም። ምንም አይደለም፣ ሙሉት።

ለመልክ ተብሎ የሚገጠም ባለ ጉጥ ጎማ፦ ይበላል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ አይመከርም።

«ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ውሸት ነው»

ቁጥሩ የሚገኘው ደብሊው ኤም ቲ ሲ በሚባለው መለኪያ ነው። ለፈጣኖቹ ሞተር ሳይክሎች እያንዳንዳቸው 600 ሰከንድ የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ከፍተኛ ፍጥነታቸው በቅደም ተከተል 60፣ 95 እና 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስሌቱ 25፣ 50 እና 25 በመቶ ድርሻ ይሰጣቸዋል፤ የሚጀመረውም በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ስለዚህ ግማሹን የሚይዘው የተረጋጋ የገጠር መንገድ ፍጥነት ነው። በየቀኑ ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር እየነዱ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እያጠፉ ያንን ቁጥር መጠበቅ አይቻልም።

ብዙ ጊዜ ግን ስህተቱ ያለው አለካኩ ላይ ነው። መጀመሪያ መለኪያውን አንድ አድርጉ፦ 60 ማይል በእንግሊዝ ጋሎን በ100 ኪሎ ሜትር 4.7 ሊትር ነው፤ 60 ማይል በአሜሪካ ጋሎን ግን 3.9 ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚከራከሩ ሰዎች በከንቱ ነው የሚደክሙት። የታንኩን ጌጅም አትመኑ፤ የእንባ ቅርጽ ያለው ታንክ ከላይና ከታች ስፋቱ ስለሚለያይ ጌጁ በእኩል አይወርድም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ሞተር ሳይክሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቋቋም ይሞላ፤ በጎን መቆሚያ ከሆነ ሁሌም በጎን መቆሚያ። ቤንዚኑ በየጊዜው አንድ ምልክት ላይ ይድረስ፣ የጉዞ መቁጠሪያው ወደ ዜሮ ይመለስ። በአንድ ሙሌት ላይ ግማሽ ሊትር መሳሳት ከ12 ሊትር ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሙሌት ደምሩ። ለምሳሌ 262፣ 248 እና 270 ኪሎ ሜትር በ11.8፣ በ11.3 እና በ12.0 ሊትር ከተሄደ 780 ኪሎ ሜትር በ35.1 ሊትር ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 4.5 ሊትር። የፊት ፒኞን (ካቴናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ከተቀየረና ፍጥነቱ የሚነበበው ከማርሽ ሳጥኑ ከሆነ መቁጠሪያውም አብሮ ይሳሳታል፤ ከ17 ወደ 18 ጥርስ መሄድ 6 በመቶ ያህል ያዛባል።

ቁጥሩ በአንድ ወቅት ድንገት ከጨመረ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። የጎማ ነፋስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ። የካቴናው ልቀት፣ ጎማውን እያዞራችሁ በተለያየ ቦታ፤ ልኩ ብዙ ጊዜ ስዊንግ አርሙ (የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ) ላይ ተለጥፏል፣ በጣም የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታም ይጎዳል። ቀጥሎ የኋላውን ጎማ አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩ፤ እየከበደ ቶሎ ከቆመ የፍሬን ካሊፐሩ ማንሸራተቻ ፒኖች ደርቀው ሊሆን ይችላል፣ አውጥቶ ማጽዳትና የፍሬን ቅባት መቀባት ነው። እንደ ቲ120 በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ መሞቅ አቅቶት ኮምፒውተሩ የጠዋቱን ትርፍ ቤንዚን ቀኑን ሙሉ ይረጫል። የአየር ፊልትሮና ካንዴላ ከዚያ በኋላ ይታያሉ።