መጀመሪያ ተቀባይ መሆን፦ የትወና ሥልጠና በደሴ

ደሴ ላይ ትወና ሊማር የመጣ ወጣት የመጀመሪያው ቀን ብዙም አይጥመውም። መነባንብ ሸምድዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚመጣው። አሰልጣኙ ግን ክብ ሠርታችሁ ቁሙ፣ ተንፍሱ ይላል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መተያየት ነው። አንዱ እጁን ሲያነሳ ሌላው እንደ መስታወት እኩል ያነሳል። ቃል የሚተነፍስ የለም። ግማሹ ክፍል በሳቅ ይፈርሳል።

ይህ ዓይነቱ ሥልጠና በተለምዶ ወርክሾፕ ይባላል። የጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ጉዳይ ነው። ዲግሪ የሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለለት፤ የቴአትር ትምህርት ክፍሉ የተከፈተው በ1970 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ተዋናይ የሚማረው በአብዛኛው እዚያው መድረክ ላይ፣ አንጋፋውን እያየ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለብዙዎች ትምህርት ቤት ሆነዋል። ሁለቱም ግን ያሉት አዲስ አበባ ነው። ደሴ መድረክን የለመደችው በኪነት ቡድኖች በኩል ነው። በደርግ ዘመን ኪነት እስከ ቀበሌ ወርዶ ነበር፤ ከወሎ ላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ወጥታለች። ኋላ ደግሞ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የፀረ ኤድስ ክበብ ጭውውት መጣ።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ማለዳ ሰውነትን ሳያሟሙቁ ድምፅ ማውጣት ጉሮሮን መቅጣት ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ችግሩ ላብ ይሆናል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ትወና መናገር ይመስላል እንጂ ሥራው ማዳመጥ ነው። ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪ ተዋናዩ «እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብሆን ምን አደርጋለሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሯል። መልሱ ደግሞ ፊት ለፊት ከቆመው ሰው ተነጥሎ አይገኝም። አንድ ቀላል ልምምድ እንውሰድ። «ኑ፣ ቡና ጠጡ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። አንዷ ከልቧ ትጋብዛለች። ሌላው ለወጉ ያህል ይላል። ሦስተኛዋ ያበደረችውን ገንዘብ ልትጠይቅ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ ፍላጎቱ ሲለያይ ሁሉ ነገር ይለያያል። ተጋባዡን ጎረቤት ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ የሚመልሰው በጥሪው ድምፅ ልክ ነው። ያጠናውን ብቻ ይዞ ከመጣ ወዲያው ይጋለጣል።

ወሎ ለዚህ ባዳ አይደለችም። መንዙማ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ዘፈኑም እንደዚያው ነው። ጥሩ ተቀባይ አፉን ከመክፈቱ በፊት የአውጪውን ትንፋሽ ይጠብቃል። ይህን ከቤቱ ይዞ የመጣ ልጅ መድረክ ላይ የሰው ቃል አይነጥቅም።

የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ላደገ ልጅ ዓይን ለዓይን መተያየት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ተናደድ ሲባል ያፍራል፤ አልቅስ ሲባል ይስቃል። «አብሽር፣ እየው ዝም ብለህ» ይባላል። ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ይሉኝታው ግን ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ እመርጣለሁ፤ ምንም የማያሳፍረው ተዋናይ መድረኩን ሁሉ ለራሱ ይወስዳል።

ከሠለጠኑት አብዛኞቹ ተዋናይ አይሆኑም። ሱቅ ይከፍታሉ፣ ያስተምራሉ፣ ፋብሪካ ይገባሉ። «በራስ መተማመን ይጨምራል» የሚለው ወሬ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ከዚያ ይልቅ ትንንሾቹ ነገሮች አብረው ይኖራሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከመግባት በፊት በረጅሙ መተንፈስ። ደንበኛ ሲቆጣ ከቃሉ በስተጀርባ የሚፈልገውን መስማት። ቃል ሲጠፋ አለመደንገጥ፤ መድረክ ላይ ቃል የጠፋበትን የሚያወጣው ጓደኛው ነውና።

አንዳንዱ ሥልጠና የሚያልቀው ብራዚላዊው የቴአትር ባለሙያ አውጉስቶ ቦዋል ባስፋፋው ዘዴ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻን ወይም ስደትን የመሰለ ችግር በአጭሩ ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል፤ ተመልካች «ቁም!» ብሎ አስቁሞ ራሱ ገብቶ ይሞክራል። ሽማግሌ የመላክ ወግ ባለበት አገር ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከኋላ ወንበር ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንዲህ አይባልም ልጄ» እያለች የምትወጣ እናት አትጠፋም። ያኔ ሠልጣኙ ያጠናው ቃል አይጠቅመውም። ቆሞ ይሰማታል።