«ገዥው እሳት ቢለቅ ይፈቀዳል፣ ሕዝቡ መብራት ቢያበራ ይከለከላል»

ቻይናውያን የሚወዷት አባባል ናት። ለራሱ ሲሆን ሁሉ የተፈቀደ፣ ለሌላው ሲሆን ሁሉ ክልክል የሚሆንበትን ሰው መንኪያ ናት። አባት ስልኩ ላይ አፍጥጦ ልጁን «ስልክህን አስቀምጥ!» ሲለው፣ ልጁ ደፋር ከሆነ ይቺን ይወረውራል።

የሚገርመው፣ መነሻ ታሪኩ ውስጥ እሳት የለቀቀ ገዥ የለም። መብራትም አልተከለከለም። የተከለከለው ቃሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቲየን ዴንግ የሚባል ሰው አውራጃ ይገዛ ነበር። በዚያ ጊዜ ቻይና ውስጥ የትልቅ ሰውን ስም መጥራት ነውር ነው፤ የንጉሡ ስም የሚጻፍበት ፊደል እንኳ በሌላ ይተካ ነበር። (እኛም አገር ሩቅ አይደለም። በከምባታና በሲዳማ ባህል ያገባች ሴት የአማቷን ስም ቀርቶ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል ከአፏ አታወጣም ነበር።) ቲየን ዴንግ ግን አበዛው። ስሙን የነካ ሰው ካለ ይቆጣል፣ ብዙ ጸሐፊና ሎሌም በዱላ ተገርፏል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በቻይንኛ ፋኖስም «ዴንግ» ነው። ፊደሉ ሌላ፣ ድምፁ አንድ። ስለዚህ አውራጃው በሙሉ ፋኖስን «እሳት» ማለት ጀመረ።

ከዚያ የፋኖስ በዓል መጣ፤ በጨረቃ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር 15ኛ ቀን። ሕዝቡ የገዥው ግቢ ገብቶ ፋኖስ እንዲያይ ይፈቀድለታል፣ ማስታወቂያም መውጣት አለበት። ጸሐፊዎቹ ገበያው ላይ ለጠፉት፦ «አውራጃችን እንደ ልማዱ ሦስት ቀን እሳት ይለቃል።» በቻይንኛ ፋኖስ ማብራትና እሳት መልቀቅ ግሣቸው አንድ ስለሆነ የተቀየረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት። እኔ በፍርሃት ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም። ጀርባው የተገረፈ ሰው ተንኮል ይሸተኛል።

«ገዥ» ሲባል ደግሞ ትንሽ ሹም እንዳይመስላችሁ። የሶንግ አውራጃ «ጆው» ይባላል፣ ግብር የሚሰበስበውም የሚፈርደውም ገዥው ነው። ከሶንግ በፊት የነበረውን የታንግ ሥርወ መንግሥት የቦጫጨቁት በየአውራጃው የነገሡ የጦር አዛዦች ስለነበሩ፣ ሶንግ ገዥውን ከዋና ከተማ ይልካል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያነሣል፣ ጎኑም አብሮ የሚፈርምና የሚሰልል ምክትል ያስቀምጣል። ይሄ ሁሉ ጥበቃ ግን የገዥውን ዱላ አላስቀረም።

የአውራጃው ስም ራሱም ብዙ ተንገላቷል። ጥንት በቺን ሥርወ መንግሥት ዘመን «ጁን» ነበር። እ.ኤ.አ. በ583 የስዊ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ጁንን ሰርዞ ጆውን አስቀረ፣ በ607 ልጁ ወደ ጁን መለሰው፣ ታንግ በ618 ጆው አደረገው፣ በ742 እንደገና ጁን፣ በ758 እንደገና ጆው። ታሪካችንን በማስታወሻው ያቆየው ባለቅኔ ሉ ዮው (1125–1210) እንኳ ቲየን ዴንግን ሲያስተዋውቅ «ጁን ይገዛ ነበር» ይልና ሁለት መስመር ሳይርቅ «ጆው» ይላል። ሱጆው፣ ሃንግጆው፣ ጓንግጆው የሚሉት የዛሬ ከተሞች ስም ላይ ያለችው «ጆው» ይቺው ናት።

የሉ ዮው ጽሑፍ እዚያው ማስታወቂያው ላይ ያበቃል። ያን ያነበበው ገበያተኛ ፋኖስ ሊያይ ወጣ ወይስ ውሃ ሊቀዳ ሮጠ፣ አልጻፈልንም።