የጎልፍ መኪና አስፋልት ላይ ይወጣል? መብራት ገዝታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ቀድሞ የሚመጣልኝ የባጃጅ ፍሬቻ፣ የአይሱዙ ዲናሞ፣ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ የኋላ መብራት ነበር። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ፤ ከዚያ ጋር የጎልፍ መኪናም መጣ። ቮልስዋገን ጎልፍን ማለቴ አይደለም። ጣሪያዋ በአራት ቀጭን ብረት የተደገፈ፣ በር የሌላት፣ የጎልፍ ተጫዋች በሣር ሜዳ ላይ የሚመላለስባት ትንሿ የባትሪ መኪና ናት። ለሎጅ፣ ለሠርግ አዳራሽ፣ ለፋብሪካ ግቢ ይገዟታል። ግቢ ውስጥ እያለች ምንም አልልም፤ ጥሩ ነገር ናት። ችግሩ ባለቤቱ አንድ ቀን ጥንድ መብራትና ክላክስ በላስቲክ ይዞ መጥቶ «ይህንን ግጠምላትና አስፋልት ላይ ላውጣት» ሲለኝ ይጀምራል።

አንዱን አስረድቼ ስመልስ ሌላው ያንኑ ቃል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ቀስ ብላ ስለምትሄድ ታርጋ አያስፈልጋትም»

ያስፈልጋታል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መንገድ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ እንዲመዘገብ፣ እንዲመረመርና ታርጋ እንዲለጠፍበት ያዛል። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት እናንተ የምትገጩት ሰው ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገርም የሰው እግር ይሰብራል።

«ኤሌክትሪክ ናት፣ መንጃ ፈቃድ አትጠይቅም»

መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰውዬው ነው፤ መኪናዋ ቤንዚን ጠጣች ኤሌክትሪክ ለውጥ የለውም።

«አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ናት፣ ቪዲዮ አይቻለሁ»

ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ። ሰውዬው መብራት፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ ይገጥማል፣ ቀበቶ ያስራል፣ በመጨረሻም ታርጋ ይለጥፍና ወደ ጎዳና ይወጣል። ቪዲዮው የማይነግራችሁ ያ ዝርዝር ከየት እንደመጣ ነው። አሜሪካኖች በፈረንጆች 1998 «ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ተሽከርካሪ» የሚል አዲስ ምድብ በሕግ ፈጠሩ። ምድቡ አራት ጎማ ያለውን፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ከ40 የማይበልጠውን፣ ከነጭነቱ ከ1,361 ኪሎ ግራም በታች የሆነውን ይመለከታል። ለዚያ ምድብ የፊት መብራት፣ የፊትና የኋላ ፍሬቻ፣ የኋላና የስቶፕ መብራት፣ ቀይ አንጸባራቂ፣ ስፖኪዮ፣ የእጅ ፍሬን፣ ደረጃውን የጠበቀ የፊት መስታወት፣ ለእያንዳንዱ መቀመጫ ቀበቶ እና የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር አዘዙ። መደበኛው የጎልፍ መኪና በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ከዚህ ምድብ ውስጥ እንኳ አይገባም።

ሌላም አለ። በብዙዎቹ ግዛቶች ያ ሁሉ የተሟላለት ተሽከርካሪ የሚፈቀድለት የፍጥነት ወሰናቸው በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገዶች ላይ ብቻ ነው። በጆርጂያ ግዛት ያለችው ፒችትሪ ሲቲ የጎልፍ መኪና ከተማ ተብላ የምትታወቀው ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ከዋናው ጎዳና የተለየ መንገድ ስላላት ነው። እንግዲህ ያንን ከእኛ መንገድ ጋር አስተያዩት። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መስመር የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። ከደሴ በሐይቅ ወደ ወልድያ የሚሄደውም የሰሜኑ ዋና መንገድ ነው። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከኋላዋ በ64 የሚመጣ አይሱዙ ቢኖር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በእያንዳንዱ ሰከንድ 11 ሜትር ይቀንሳል። ጠምዘዛ ላይ 50 ሜትር ብቻ የሚያይ ሾፌር አምስት ሰከንድ እንኳ አያገኝም። በዚያ ላይ የክረምቱን የደሴ ጉም ጨምሩበት፤ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው የመንገዱን ማዶ አያይም።

«አብሽር፣ ቁልቁለት ነው፣ ራሷ ትወርዳለች»

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። የደሴ ሰው ይህንን ቁልቁለት እንደ ስጦታ ያየዋል፤ ባትሪ አይበላም ብሎ ነው። መውረዱንማ ማን ይከለክላታል! ጥያቄው ትቆማለች ወይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐጂ ከሐይቅ አካባቢ አንዲት ስድስት ሰው የምትይዝ የጎልፍ መኪና በአይሱዙ ጭነው አመጡ። ያገለገለች ናት፤ ቀለሟ ግን አዲስ ነው። እንግዶቻቸውን ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሎጃቸው ሊያመላልሱባት አስበዋል። «ልጄ፣ መብራቱን ገዝቻለሁ፣ አንተ ግጠምልኝ እንጂ ሌላው አብሽር» አሉኝ። መብራቱ በእውነት ጥሩ ዕቃ ነበር። እኔ ግን ሳልከፍተው ወደ ጎን አስቀመጥኩና መኪናዋን ከጋራዡ በር ፊት ካለችው ዳገት ላይ አወጣኋት። አምስት ልጆች ጫንኩባት። ፔዳሉን ረግጬ የማቆሚያ ፍሬኑን ቆለፍኩ፣ ወርጄም የኋላ ጎማው አጠገብ መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ሐጂን ሻይ አስቀድቼላቸው ስመለስ ጎማው መስመሩን በአንድ ስንዝር አልፎታል። ማንም አልነካትም። ዝም ብላ እየተንሸራተተች ነው።

ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ፈታን። በግራ በኩል የፍሬን ሸራው እንደ መስታወት ለስልሷል። በቀኝ በኩል ከአክሱሉ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን ከሚይዘው ላስቲክ፣ ያመለጠ ዘይት ሸራውን አርሶት ጠቁሯል። ሁለቱን የሚስበው የሽቦ ካቦ ክሮቹ ተበጣጥሰው ጥቂቶቹ ብቻ ይዘውታል። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አምፖሉን ትተው ይህንን ይንኩልኝ» አልኳቸው። ጣታቸውን ሸራው ላይ አድርገው ዘይቱን አዩት። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የፊቱስ?» አሉኝ። የፊቱ ፍሬን የለውም።

ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። አብዛኞቹ የጎልፍ መኪናዎች ፍሬን ያላቸው በኋላ ሁለት ጎማ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በዘይት ግፊት ሳይሆን በካቦ የሚሳብ የድራም ፍሬን ነው። የማቆሚያ ፍሬን የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሸራ በፔዳል ቆልፎ መያዝ ነው። ለጎልፍ ሜዳ ይበቃል፤ የተሠራው ለዚያ ነውና። ከነሰዉ 800 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በረዘመ ቁልቁለት ላይ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ዝቅታ ፍሬኗ ላይ የምትጥለው ሙቀት ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። ሁለት ትልልቅ ጀበና በሉት። ያ ሁሉ ሙቀት በሁለት ትንንሽ ድራሞች ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የጋለ ሸራ መያዝ ይተዋል። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር እንዳለ ነው፤ እናንተም እየረገጣችሁ ነው፤ መኪናዋ ግን አትሰማም።

«ሞተሩ ራሱ ይይዛታል» የሚሉኝም አሉ። አንዳንዱ ይይዛል። በአዳዲሶቹ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ጀነሬተር ሆኖ ፍጥነቱን ይገታል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ደሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ የጠገበ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፤ መያዝ የሚያስፈልገው ደግሞ ልክ እዚያ ጫፍ ላይ ነው። አሮጌዎቹ ይህም የላቸውም። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ በነጻ ይለቀቃሉ፤ ቁልቁለቱም ሞተሩን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል። በዚህ ምክንያት የመዳብ ክፍሉ ከቦታው ተነቅሎ የተበተነ ሞተር ፈትቼ አውቃለሁ።

ስለዚህ የጎልፍ መኪና ይዞ ለሚመጣ ሁሉ አሁን የምለው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬን። ሸራውን፣ ካቦውን፣ የአክሱሉን ጎሚኒ እንይ። ዳገት ላይ ጭናችሁ በጠመኔ አስምሩ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እኔንም አይፈልግም፤ ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

«ሁለት ባትሪ ላይ ጥለፈውና መብራቱን አብራው»

ይህ የሙያ ጓደኞቼ ስህተት ስለሆነ እነሱን ነው የምናገረው። የጎልፍ መኪና በ36 ወይም በ48 ቮልት ይሠራል፤ የመኪና መብራት ደግሞ 12 ቮልት ነው። ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተደርድረው ሲያይ ኤሌክትሪሺያኑ ሁለቱን መርጦ 12 ቮልት ይጠልፋል። መብራቱ ይበራል፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ ይሄዳል። እነዚያ ሁለት ባትሪዎች ግን ከወንድሞቻቸው በላይ ይሠራሉ፤ ቻርጀሩ ደግሞ ሁሉንም እኩል እንደሠሩ ቆጥሮ ይሞላቸዋል። አንዲት የሠርግ አዳራሽ መኪና ላይ የለካሁት ይኸው ነበር፤ ስድስቱ ባትሪዎች 6.3 ቮልት ሲያሳዩ መብራት የተጠለፈባቸው ሁለቱ ከ5.7 በታች ወርደዋል። ባለቤቱ ስምንቱንም ሊጥል ነበር።

መፍትሔው ከጠቅላላው የባትሪ ድርድር ሙሉውን ቮልት ተቀብሎ ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር መግጠም ነው። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባለት። አንድ የለመድነውን ነገርም መተው አለብን። በመኪና ላይ ኔጋቲቩን ቦዲው ላይ አስረን አንድ ገመድ ብቻ እንዘረጋለን። የጎልፍ መኪና ባትሪ ግን በአሠራሩ ከሻንሲው ጋር አይታሰርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ገመድ፣ መሄጃና መመለሻ፣ ዘርጉ።

«ኮንትሮለሩን ብንቀይረው ይፈጥናል፣ ችግሩም ይፈታል»

ኮንትሮለር ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ሳጥን ነው። እሱ ሲቀየር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍሬኑ፣ መሪውና ጎማው ግን የድሮዎቹ ናቸው። በዚያው በአሜሪካ ሕግ እንኳ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሄድ ከሆነች ከዝቅተኛ ፍጥነት ምድብ ትወጣና እንደማንኛውም የቤት መኪና ትጠየቃለች። ይህንን ሥራ እኔ አልሠራም።

«ከኋላ ልጆቹ ይቀመጡባታል»

ወደ ኋላ የዞረው መቀመጫ ከፊቱ ምንም መከለያ የለውም። መኪናዋ ድንገት ስትነሳ የተቀመጠው ሰው ወደ አስፋልቱ ይወድቃል፤ ያውም ከኋላ ወደሚመጣው መኪና ፊት። ሠርግ ላይ ሦስት አራት ሕፃን እዚያ ላይ ደርድረው ሲዞሩ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው። ቀበቶ ቢያስፈልግ ከመቀመጫው እንጨት ጋር በቡሎን አትሰሩት፤ ሻንሲው ላይ በተበየደ ብረት እንጂ። ግቢ ውስጥም ቢሆን ለዚያ መቀመጫ ቀበቶ ይኑረው።

አሁን ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች ደውላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ የምትጠይቁኝም የመብራት ዋጋ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ነው? ፍሬኑ በስንት ጎማ ላይ ነው? ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ስንት አኃዝና ፊደል አለው? ለመንገድ ተብሎ የተሠራ ተሽከርካሪ 17 አኃዝና ፊደል ያለው የመለያ ቁጥር አለው፤ ተራው የጎልፍ መኪና የሚኖረው የፋብሪካ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ፎቶ አንሱት፤ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አድርጋችሁ ወደ አካባቢያችሁ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ውሰዱትና ሊብሬ ይወጣለት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። እሺ ካሏችሁ መብራቱን ይዛችሁ ኑ፤ በደስታ እገጥማለሁ።

ሐጂ እምቢ ነው የተባሉት። የመኪናዋን ሸራና ካቦ ቀየርንላቸው፣ ጎሚኒውን አደስን፣ መብራቱንም በኮንቨርተር ገጠምኩ፤ የግቢ መንገድም ማታ ጨለማ ነውና። አሁን ከሎጁ በር እስከ ሐይቁ ዳር ትሠራለች። እንግዶቻቸውን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመጣው ታርጋና ቦሎ ያለው ሚኒባስ ነው።